ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

በእኔ የሚያፍሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑ፣ ኮድ የሚጽፉ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲከራከሩ ማኪያቷቸው የሚቀዘቅዝባቸው ወዳጆቼ ናቸው። እሑድ ጠዋት ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ሲያገኙኝ፣ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ዘመዳቸውን ሰክሮ ያገኙት ያህል አንገታቸውን ይደፋሉ። ሁለተኛዎቹ የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ናቸው። ላፕቶፕ ይዤ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስገባ፣ ውሻ አስከትዬ የመጣሁ ይመስል መንገድ ይለቁልኛል። ሁለቱን ወገኖች አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጣቸው በደንብ ይግባባሉ፤ ቢያንስ እኔን በማማት።

በሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለኝ ማዕረግ «አማካሪ» ይባላል። ዕድሜው ከወጣትነት ላለፈ፣ ነገር ግን ሂድ ሊሉት ላፈሩበት ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው። አማካሪ ወንበር አለው፣ ቁልፍ የለውም። በዚህ ሥልጣን ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ሲመሽ አነባለሁ፤ አንዳንዴ ለጋዜጣ መጣጥፍ እጽፋለሁ። ከመጣጥፎቼ ውስጥ ሰው የተስማማበት የለም፤ የሚስማሙበት ቢሆን ኖሮ መጻፍም አያስፈልገኝም ነበር። ኮድ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ከኢንተርኔት እማራለሁ፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ከመጽሐፍ፣ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ።

በአጥቢያው ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸግሩኝ ሰው፣ እኔም ከሁሉ የማስቸግራቸው፣ መሪጌታችን ናቸው። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ወጣቶቹ የሚደርሱት አዲስ መዝሙር በእሳቸው ጆሮ ሳያልፍ አይዘመርም። አንድ ጊዜ ባወጣሁት መጣጥፍ፣ ፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያት ተሸክሞ በከንቱ ይደክማል፤ ከሁለቱ ሰ አንዱ፣ ከሦስቱ ሀ አንዱ ይበቃል ብዬ ነበር። የኔታ አስነብበው ሰሙትና አስጠሩኝ።

«ሚስትህ መንታ ብትወልድ አንዱን ትጥለዋለህ?»

«የኔታ፣ ሚስት የለኝም።»

«እሱማ ነው ነገሩ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር በዚሁ ጉዳይ እንነታረካለን። ስንጣላ ያየን ሰው የተጣላን ይመስለዋል።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ የይጁቤ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትማር ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ከተማው ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። በመጀመሪያው ዓመት ታማ ስትተኛ ሽሮ በሳህን ከድነው ዶርም ድረስ የተመላለሱት የእኛ መዘምራን ናቸው፤ በዚያው አዳራሹ ቤቷ ሆነ። ቅዳሜ ሕፃናቱን ታስተምራለች፣ እሑድ ትዘምራለች፣ በመሀል ፈተናዋን ታልፋለች። እናቷ ይጁቤ ገበያ ላይ እህል ይሸጣሉ። ሲደውሉ ስለ ፈተና አይጠይቁም፤ ቅዳሴ እንዳልቀረች ብቻ ነው የሚያጣሩት።

ከእኔ ጋር ያወዳጃት ኮድ ነው። ከጉባኤ በኋላ ሌሎቹ ወንበር ሲያነሡ እኛ ጥግ ይዘን ስለ ፕሮግራም እንንሾካሾካለን፤ ከሩቅ ለሚያየን ሐሜት ይመስላል። በስብሰባ ላይ «ወንድማችን እንዳሉት» እያለች በጨዋ ወግ ትጠቅሰኛለች፤ ስብሰባው ሲያልቅ ጋሼ እሆናለሁ፤ ያኔ ያልኩትን ሁሉ ትቃወማለች።

ሐሳቡ የእሷ ነበር። መዝሙሮቻችን በየሰዉ ደብተርና በየሰዉ ጭንቅላት ተበትነው ነበር። ሁለት መዘምራን አንዱን ስንኝ በሁለት ዓይነት እያሉት እኩል ድምፅ ያወጣሉ፤ የመጨረሻው አንቀጽ ሲደርስ ደግሞ አብዛኛው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ቃል አይወጣውም። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውን ጻፈ፤ እሷ ሰበሰበችውና በስልክ የሚፈለግበት፣ በፕሮጀክተርም አንሶላ ላይ የሚበራበት ፕሮግራም ሠራችለት። ችግሩ ፍለጋው ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ ሥላሴ ብዬ ስፈልግ ግማሹን አያመጣልኝም።»

«በየትኛው ሰ ነው የፈለግሽው?»

«በንጉሡ።»

«ልጆቹስ በየትኛው ጻፉት?»

«ግማሾቹ በንጉሡ፣ ግማሾቹ በእሳቱ። አንዱማ ሁለቱንም በአንድ ቃል ቀላቅሏቸዋል።»

ፊደል ከቆጠሩ ለቆዩ ላስታውስ፦ «ንጉሥ» የሚጻፍበት ሠ ንጉሡ ሠ ይባላል፤ «እሳት» የሚጻፍበት ሰ እሳቱ ሰ ነው። ሀም ሦስት ነው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ።

«አንድ አድርጊያቸው» አልኳት። «ሁሉንም ወደ እሳቱ ለውጪያቸው። ሀዎቹንም ወደ ሃሌታው።»

«የኔታ ምን ይላሉ?»

«የኔታ ስልካቸው አሮጌው ባለ ቁልፍ ነው፤ የት ያዩታል?»

ምክሩ ያን ያህል ሞኝ አልነበረም። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ፍለጋ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ሆሄያቱን አንድ ያደርጓቸዋል። ልዩነቱ፣ እነሱ ይህን የሚያደርጉት ለፍለጋው በተለየ ቅጂ ላይ ነው፤ ሰው የሚያነበውን ዋናውን አይነኩም። እኛ ዋናውን ነካነው። ፍለጋውም አማረ፤ ሥላሴ በየትኛውም ሰ ቢጻፍ ከተፍ ይል ጀመር። ሁለታችንም ዓለምን አንድ እርምጃ ያራመድን መስሎን ፓስቲ በሻይ በላን።

ቀጥሎ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል መጣ። ሁለት አንሶላ ሰፍተን ግድግዳ ላይ ወጠርን። ፕሮጀክተር ለመንን። ከአጎራባች አጥቢያዎች፣ ከሉማሜም ጭምር ካህናት ተጠሩ። መዘምራኑ ለበዓሉ አዲስ መዝሙር ደርሰዋል፤ የኔታ ሰምተው አጽድቀውታል። አዝማቹ «ጌታችን በቤታችን ሠረቀ» የሚል ነው። ሠረቀ በግእዝ፣ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ፣ እንደ ፀሐይ ወጣ፣ በራ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን በግእዝም በአማርኛም ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሌብነት ነው።

በየበዓሉ መብራት የሚጠፋባት ከተማ ናት። ያን ቀን አልጠፋም። በነጩ አንሶላ ላይ፣ እያንዳንዱ ፊደል ክንድ አክሎ፣ «ጌታችን በቤታችን ሰረቀ» የሚለው ቁልጭ ብሎ በራ። ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ። መጽሐፍ አንባቢ የምባለው እኔ ቀና ብዬ አነበብኩትና ከሕዝቡ ጋር አጨበጨብኩ። መጀመሪያ የገባቸው ከኋላ የቆሙት የቅኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ከሉማሜ የመጡት ቄስ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ አጠገባቸው ሰው ዘንበል ሲሉ አየሁ።

«ምን ጠፋባቸው?» አሉ።

አንዱ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። እንግዶቹ ጸበል ጻዲቁን ሳይጨርሱ ወሬው ከተማውን ዞሮ ተመልሶ ደረሰን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከይጁቤ ተደወለ። ልጅቱ ስልኩን ይዛ ከአዳራሹ ስትወጣ የእናቷ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ልጄ፣ ጌታን ሌባ አልሽው አሉ። እውነት ነው?»

«አይደለም እማ። ፊደል ነው።»

«ፊደል ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

ምን ማለት እንደሆነ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሴት፣ በስልክ፣ እያለቀሱ ማስረዳት አይቻልም። ዘጋችው።

የደብሩ አስተዳዳሪ ደግ ሰው ናቸው፤ ሰው ከሚቆጡ ራሳቸው ቢታመሙ ይመርጣሉ። ነገር ግን ከየአቅጣጫው ተደወለላቸው። ማክሰኞ ከሰዓት ስብሰባ ይሁን ተባለ፤ ከስብሰባውም በፊት ውሳኔው ሾልኮ ወጣ። ልጅቱ ከሁለት አንዱን ትምረጥ፤ ወይ ማሽኑን ከቤተ ክርስቲያን ታውጣና ሕፃናቱን ታስተምር፣ ወይ የትምህርት ክፍሉን ቁልፍ ታስረክብ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ኩምትር አድርጓታል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ልመልስ?»

«ለምን ትመልሻለሽ? ላፕቶፑን አስወጥተሽ ማስተማር ትችያለሽ።»

«እሱ እኮ ነው ያልገባቸው። የምማረው እሱን ነው፤ የማስበውም በእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሰው ሆኜ፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ሰው ሆኜ ልገባ ነው? ጫማ ነው እንዴ በር ላይ የሚወልቅ?»

«ቁልፉን ብትመልሺስ?»

«ቅዳሜ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች።

እኔ ሁለቱንም ሳልመርጥ እዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ፤ ግን ማንም አስመርጦኝ አያውቅም። አማካሪን ማን ያስመርጠዋል? ይህን ልነግራት አስቤ ምንም እንደማይጠቅማት ስለገባኝ ሻይ ጋበዝኳት።

ማክሰኞ አስተዳዳሪው፣ የሰበካ ጉባኤው አባላት፣ የኔታ፣ እሷና እኔ ተቀመጥን። አንድ ነጋዴ የጉባኤው አባል «ልጆቻችንን ያጠፋው ስልክ ነው» ብለው ጀመሩ፤ ስልካቸው ሁለት ጊዜ ጮኸና ሁለት ጊዜ ዘጉት። እኔ ተነሣሁ። ሆሄያቱን አንድ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ማንንም አልደነቀም፤ «እሱማ ይታወቃል» አሉ አስተዳዳሪው፣ እንዲያውም በማጽናናት። ቀጠልኩ።

«መዝሙሩ ሲዘመር ማን ተቆጣ? ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። የኔታም ሰምተው አጽድቀውታል። ጆሮ ያልከሰሰውን ዓይን ለምን ይከሰዋል?»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። ሲናገሩም አልገለጡትም።

«ይህን ነገር እኔ በአንድ አፍታ አድነው ነበር» አሉ። «አመጣጡ እንደ ሌባ መሆኑን ጌታ ራሱ ተናግሯል። ቤታችን ገብቶ ልባችንን ሰረቀ፣ ልጆቻችንን ከመጠጥ ቤት ሰረቀ ብዬ ብፈታው፣ ከሉማሜ የመጡት ቄስ ተነሥተው እጅ ይነሡኝ ነበር።»

አስተዳዳሪው ፊታቸው በራ። «ታዲያ እንዲያ ብንልስ፣ የኔታ?»

«አንልም። ቅኔ አይደለማ። ቅኔ የሚሆነው ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው አንዱን ብሎ ሌላውን ሲሰውረው ነው። ይኼ ማሽን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። አንድ ብቻ የሚያውቅ ምኑን ይሰውራል?» ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኔ አዩ። «ይኼም ሰውዬ እንደዚያው ነው።»

መልስ አጣሁ ብል እዋሻለሁ። መልስ ነበረኝ፤ ደካማ ስለነበር ዋጥኩት።

የኔታ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «አንቺ፤ መሐረነ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?»

«በሐመሩ ሐ፣ የኔታ።»

«ትርጉሙስ?»

«ማረን።»

«በሃሌታው ሀ ቢጻፍስ?»

«እሱን አላውቅም።»

«በሃሌታው ሲሆን አስተምረን ነው። ማሽንሽ ላይ፣ ማረን ስንል አስተምረን እያልን ነው የከረምነው።»

ልጅቱ መሬት መሬት እያየች፣ «የኔታ፣ እሱስ አይጎዳንም ነበር» አለች።

አስተዳዳሪው ሳቃቸውን ሳል አስመሰሉት። ነጋዴው ሳቃቸውን በስልካቸው ሸፈኑት።

«ይቺ ልጅ ትማራለች» አሉ የኔታ።

በአማርኛችን የተማረ ሰው ወይ ትምህርት አግኝቷል፣ ወይ ምሕረት። በቅኔ አገር የሚሰበሰብ ጉባኤ ይህን አይስተውም።

«የትኛውን ማለትዎ ነው?» አሉ አስተዳዳሪው፣ ቃለ ጉባኤ ማስጻፍ ስላለባቸው።

«በየትኛው ልትጽፉት ነው?» አሉ የኔታ፤ ዱላቸውን ፈልገው ተነሡ።

የተጻፈው ይህ ነው፦ ልጅቱ ቁልፏን ይዛ ትቀጥላለች፤ አንሶላው ግን እያንዳንዱ መዝሙር ፊደሉ እስኪቃና ድረስ አይወጠርም፤ የሚያቃኑትም የኔታ ናቸው። ሌላ መንገድም አልነበረም። ልጆቹ ከየጭንቅላታቸው የጻፉት ገና ከመጀመሪያው ስህተት ሞልቶበት ስለነበር፣ የምንመለስበት ትክክለኛ ቅጂ አልነበረንም። የነበረው ትክክለኛ ቅጂ ከቅጽሩ አጥር ሥር፣ የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ተማሪ ሲገሥጽ ይውላል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሕፃናቱን ከሸኘች በኋላ ላፕቶፗን ይዛ እዚያ መደብ ላይ ትቀመጥ ጀመር። እሷ ታነባለች፣ የኔታ ያቆሟታል። «ሰአሊ በየትኛው?» «በእሳቱ ሰ፣ በአልፋው አ፤ ለምኝልን ማለት ነው።» «በሌላኛው ቢሆን ምን እንላታለን?» «ሥዕል ሣዪልን።» «እመቤታችንን ሥዕል ሣዪ አትበያት፤ ሥራ አለባት።» የላፕቶፑ ባትሪ ሲያልቅ «ማሽንሽ ደከመ፤ አንቺስ?» ይሏታል፤ ቀሪውን በቃል ያስቀጽሏታል። ኮዱንም አስተካከለችው፤ ለፍለጋው የተለየ ቅጂ አበጀችና ዋናው እንዳይነካ አደረገች። ያኔ እኔ ልነግራት የሚገባኝን አሁን እሷ ለእኔ አስረዳችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃናቱን እንደምታስረዳው።

የኔታ ማሽኑን እንዳልወደዱት ለመናገር ብዙ ይደክማሉ። አንድ ቅዳሜ ግን አንድ ቃል በስንት መዝሙር ውስጥ እንዳለ አሳዪኝ አሏት። «ብርሃን» ብላ ጻፈች። ዝርዝሩ ወረደ፣ ወረደ፣ አላልቅ አለ። የኔታ እስኪቆም ጠበቁና፣ «ይኼ ሁሉ ሰው ሌላ ቃል አጥቶ ነው?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአጥቢያችን «ብርሃን» የሚል አዲስ መዝሙር አይጸድቅም። ወጣቶቹ በማሽኑ ላይ አመረሩ። ስልክ ያጠፋቸዋል ያሉት ነጋዴ ግን ማሽኑን ማመስገን ጀመሩ።

እኔም በጉባኤው ላይ መልሴን ብውጥም፣ ከዚያ የተሻለ አገኘሁና አንድ ቀን አወጣሁት። «የኔታ፣ ያ ትማራለች ያሉት ቅኔ የተሳካልዎ እኮ አማርኛው ሁለቱን ሀዎች አንድ አድርጎ ስለዋጣቸው ነው። በግእዝ ቢሆን ኖሮ ፊደሉ ያጋልጥዎት ነበር። የእኔ ሐሳብ ነው ያዳናት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እንዳትሰማህ።»

አንሶላው የተወጠረው በዓል ባልሆነ ተራ እሑድ ነው፤ አስተዳዳሪው እንግዳ እንዳይመጣ ብለው ማስታወቂያ እንኳን አላስነገሩም። አንድ እንግዳ ግን መጣ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ከአጠገቤ ጋቢ የደረቡ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ እግራቸው የመንገድ አቧራ የያዘ ሴት ተቀምጠዋል። ከይጁቤ በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት፤ ለልጃቸውም አልነገሯትም። ልጅቱ ከፊት፣ ፕሮጀክተሩ ሥር፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። የኔታ ከጎኗ ዱላቸውን ተመርኩዘው አንሶላውን ያነባሉ። አንድ ቦታ ላይ ዱላቸውን አነሡ፤ መዘምራኑ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ። ልጅቱ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። የኔታ እንደገና አነበቡ። ዱላውን ቀስ ብለው አወረዱ፤ መዝሙሩ ቀጠለ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«እዚያ የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ በእሷ እጅ ነው?»

«በእሷ እጅ ነው፣ እናቴ።»

«ብትሳሳትስ?»

«የኔታ አሉ።»

«የኔታስ ቢሳሳቱ?»

«አሁን አላዩም? እሷ አለች።»

ፊታቸው ላይ ምን እንዳለ ለማየት ወደ እሳቸው ዞርኩ፤ እሳቸው ግን በእኔ አሻግረው ወደ ፊት ለማየት ይንጠራራሉ።

«እንግዲያው» አሉ፣ በትሕትና፣ «ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ። ልጄን ከለሉኝ።»